ሕመም ወይስ መድኃኒት? የኤዲኤችዲ መድኃኒት በሚወስዱ ሕፃናት ላይ የሚታይን ጎጂ ምላሽ ለመለየት የጊዜ መዝገብ ያለው ፋይዳ

አጠቃሎ

የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት መታወክ (ኤዲኤችዲ) ላለባቸው ሕፃናት የሚታዘዙ መድኃኒቶች አብዛኞቹን ተጠቃሚዎች ይረዳሉ፤ ጥቂቶችን ግን ይጎዳሉ። ጉዳቱን በጊዜ ለመለየት አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው የመድኃኒቱ ጎጂ ምላሽና የሕመሙ ምልክት መመሳሰላቸው ነው። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2006 የተካሄደውን ክርክርና ከዚያ በኋላ የታተመውን የመረጃ ትንተና መነሻ በማድረግ፣ ሕመሙን ከጉዳቱ ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚያገለግለው ማስረጃ በቤትና በትምህርት ቤት የሚያዝ የጊዜ መዝገብ መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ጉዳዩ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሚገናኝባቸውን ሁለት ነጥቦች ማለትም የኢንዛይም ልዩነትንና የቋንቋን ጉዳይም ይመለከታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

አነቃቂ መድኃኒቶች ለሕፃናት የባሕርይ ችግር መዋል የጀመሩት በአጋጣሚ ነበር። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት በሚገኝ የሕፃናት ተቋም ይሠራ የነበረው ሐኪም ቻርልስ ብራድሊ ቤንዜድሪን የተባለውን የአምፌታሚን ዓይነት ለ30 ሕፃናት ሰጥቶ ውጤቱን በ1937 አሳተመ። ከእነዚህ መካከል ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው ጉልህ መሻሻል አሳዩ። በ1944 ደግሞ ሊያንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት በስዊዘርላንድ ሲባ በተሰኘው ኩባንያ ውስጥ ሜቲልፌኒዴትን ቀመረ። መድኃኒቱ የታወቀበት ሪታሊን የሚለው የንግድ ስም የተወሰደው ከኬሚስቱ ባለቤት የቁልምጫ ስም ከሪታ ነው።

ሜቲልፌኒዴት በአንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት መልእክት አስተላላፊዎች ወደ ነርቭ ሕዋሱ ተመልሰው እንዳይገቡ ይከላከላል። አምፌታሚን ከዚህ በተጨማሪ የተከማቸውን ዶፓሚን ከሕዋሱ ያስወጣል። አቶሞክሴቲን በበኩሉ ከአነቃቂዎቹ ወገን ሳይሆን በዋነኛነት በኖርአድሬናሊን ላይ ይሠራል። የመድኃኒቶቹ ጠቀሜታ በበርካታ ጥናቶች ተረጋግጧል። በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ መድኃኒቶቹ ይሰጡ ወይስ አይሰጡ የሚለው አይደለም። ጥያቄው መድኃኒቱ በአንድ በተወሰነ ሕፃን ላይ ጉዳት ሲያደርስ ይህ በምን ይታወቃል የሚለው ነው።

2. ምልክትና ጉዳት የሚመሳሰሉበት ሁኔታ

ከተለመዱት የጎንዮሽ ጉዳቶች መካከል የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የእንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ ቁርጠትና ራስ ምታት ይገኙበታል። የልብ ምት በአማካይ ከ3 እስከ 6 ምት በደቂቃ፣ የደም ግፊት ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ ሰፍሯል። እነዚህ የሚለኩ ወይም በግልጽ የሚታዩ በመሆናቸው ከሕመሙ ጋር የመምታታት ዕድላቸው አነስተኛ ነው።

አስቸጋሪዎቹ የስሜትና የባሕርይ ለውጦች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት እስከ 5 ዓመት ተኩል በሆኑ ሕፃናት ላይ በአሜሪካ የተካሄደውና ውጤቱ በ2006 የታተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዚህ ጥናት ሜቲልፌኒዴት ከወሰዱት 183 ሕፃናት መካከል 21ዱ ማለትም 11 በመቶ ያህሉ ከመድኃኒቱ ጋር በተያያዘ ጉዳት ምክንያት ሕክምናውን አቋርጠዋል። ከታዩት ችግሮች መካከል ንጭንጭ፣ ድንገተኛ የስሜት ግንፋሎት፣ የእንቅልፍ መቸገርና ተደጋጋሚ ድርጊት ይገኙበታል። ይሁንና ንጭንጭና የስሜት ግንፋሎት በመጀመሪያ ሕፃኑን ወደ ሐኪም እንዲወሰድ ካደረጉት ምክንያቶች መካከልም የሚቆጠሩ ናቸው።

መመሳሰሉ የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ያመጣው ንጭንጭ የሕመሙ መባባስ ተደርጎ ከተወሰደ የሚቀጥለው እርምጃ መጠኑን መጨመር ይሆናል። እንቅልፍ በማጣቱ በማግስቱ ትኩረት የሚያጣ ሕፃንም መድኃኒቱ እንዳልበቃው ሊቆጠር ይችላል። ለእንቅልፍ ሌላ መድኃኒት፣ ለንጭንጩም ሌላ መድኃኒት በላዩ ሲታከል የመጀመሪያው ጉዳት ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። በሕክምና ጥናት ይህ የማዘዣ ሰንሰለት ይባላል።

ሁለቱን ለመለየት የመድኃኒቱ የቆይታ ጊዜ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ፈጥኖ የሚሠራው የሜቲልፌኒዴት ዓይነት በሰውነት ውስጥ የሚያገለግለው ለአራት ሰዓታት ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ሕፃኑ መድኃኒቱን ከወሰደ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ፈዞ፣ ዝም ብሎና ጨዋታ ጠልቶ ከታየ መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ንጭንጩና ለቅሶው የሚመጣው ግን መድኃኒቱ ሲያልቅ ከሆነ ይህ የመልስ ምት ተብሎ ሊገለጽ የሚችል ሌላ ክስተት ነው፤ መፍትሔውም የመድኃኒቱን ዓይነት ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል ሊሆን ይችላል። ችግሩ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትም በዚያው መጠንና በዚያው ሰዓት የነበረ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ራሱ ይጠረጠራል። በሦስቱም ሁኔታዎች ወላጅ ለሐኪሙ የሚናገረው ቃል “ልጁ ይነጫነጫል” የሚል አንድ ዓይነት ቃል ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሰዓቱ ነው።

3. የ2006ቱ ክርክርና የሕፃናቱ ቃል

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲትና በመጋቢት 2006 የኤዲኤችዲ መድኃኒቶችን ደኅንነት በሁለት የአማካሪ ኮሚቴዎች አስመርምሯል። በየካቲቱ ስብሰባ በዋነኛነት የልብ ጉዳይ ተነሥቶ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ በጥቁር ሣጥን የሚከበበው ከፍተኛው ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር 8 ለ 7 በሆነ ድምፅ ሐሳብ ቀረበ። በመጋቢት የተሰበሰበው የሕፃናት ሕክምና አማካሪ ኮሚቴ ግን ይህን ሳይቀበል ለወላጆችና ለሐኪሞች ግልጽ መረጃ እንዲሰጥ መከረ። በየካቲት 2007 አስተዳደሩ አምራቾቹ ለታካሚዎች የሚሰጥ መመሪያ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም ባልነበረባቸው ታካሚዎች ላይ ጭምር ድምፅ መስማትን፣ ያለምክንያት መጠራጠርንና የመሳሰሉትን የአእምሮ ጉዳቶች የሚመለከት ከ1,000 ታካሚ በአንዱ ያህል የሚገመት ጭማሪ ሥጋት እንዳለም ገለጸ።

ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘው የሞሾልደርና የባልደረቦቹ ትንተና በ2009 ታተመ። ተመራማሪዎቹ 49 በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎችን መረጃ አሰባስበው ሲመረምሩ፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ወገን በ743 የሰው ዓመታት ውስጥ 11 የሳይኮሲስ ወይም የማኒያ ክስተቶችን አገኙ። አምሳያ ክኒን በተሰጠው ወገን ግን በ420 የሰው ዓመታት ውስጥ አንድም አልተገኘም። መድኃኒቶቹ ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ በፈቃደኝነት የተላኩ ሪፖርቶችም ተመርምረዋል። ከእነዚህ በ90 በመቶ ያህሉ ታካሚው ተመሳሳይ የአእምሮ ሕመም እንደነበረበት የሚያመለክት ታሪክ አልተመዘገበም። ሕፃናትን በሚመለከቱት ሪፖርቶች ላይ በተደጋጋሚ የተገኘው ደግሞ ነፍሳትን፣ እባቦችን ወይም ትሎችን የማየትና በሰውነት ላይ ሲሄዱ የመሰማት ሁኔታ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ግኝት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ሕፃን “ጉንዳን በእጄ ላይ ይሄዳል” ቢል ፍርሃት፣ ተረት ወይም የሕፃን ምናብ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሕፃናት ተመሳሳይ ነገር መናገራቸው የታወቀው ግን ወላጆችና ሐኪሞች የሰሙትን ቃል እንዳለ መዝግበው ስለላኩት ነው። በሙከራዎቹ ውስጥ የተገኙት 11 ክስተቶች ሥጋቱ መኖሩን አመለከቱ፤ የጉዳቱን መልክ ያሳየው ግን ተመዝግቦ የተላከው ቃል ነው።

ቁጥሮቹ በልኩ መነበብ አለባቸው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚከሰት አይደለም። በ2019 የታተመውና ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሆኑ ታካሚዎች ላይ ያተኮረው የሞራንና የባልደረቦቿ ጥናትም አነቃቂ መድኃኒት ከጀመሩ ከ660 ታካሚዎች በአንዱ ያህል ሳይኮሲስ መታየቱን፣ ሥጋቱም በአምፌታሚን ከሜቲልፌኒዴት ይልቅ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ በኩል በ2006 አሳሳቢ የነበረው የልብ ጉዳይ በ2011 ከ1.2 ሚሊዮን በሚበልጡ ሕፃናትና ወጣቶች መረጃ ሲመረመር በመድኃኒቶቹ ምክንያት የጨመረ ከባድ የልብ ሕመም አልተገኘም። ሁለቱ ውጤቶች ሲነጻጸሩ ሥጋት ሁሉ እውነት እንዳልሆነ፣ ብርቅ ጉዳት ሁሉም ሐሰት እንዳልሆነ ያስረዳሉ።

4. የናራንሆ መለኪያና የመዝገቡ ክብደት

አንድ ጉዳት በመድኃኒት ምክንያት የመጣ መሆኑን ለመገመት በሰፊው ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ናራንሆና ባልደረቦቹ በ1981 ያሳተሙት መለኪያ ነው። መለኪያው አሥር ጥያቄዎች አሉት። ድምሩ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግንኙነቱ የተረጋገጠ፣ ከ5 እስከ 8 ከሆነ የሚገመት፣ ከ1 እስከ 4 ከሆነ ሊሆን የሚችል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ አጠራጣሪ ይባላል።

የመዝገቡን ክብደት ለማሳየት አንድ ምናባዊ ምሳሌ እንውሰድ። የሰባት ዓመት ልጅ 5 ሚሊ ግራም ሜቲልፌኒዴት በቀን ሁለት ጊዜ ጀመረ እንበል። በመጀመሪያው ሳምንት እጁን ደጋግሞ ያሻል፤ ሲጠየቅም ያሳክከኛል ይላል። መጠኑ ወደ 10 ሚሊ ግራም ካደገ በሦስተኛው ቀን ጉንዳኖች በክንዱ ላይ እንደሚሄዱ ተናግሮ ለማራገፍ ይሞክራል። ትኩሳት የለውም፤ ሌላ መድኃኒትም አይወስድም። በሐኪሙ ትእዛዝ መድኃኒቱ ይቆማል፤ በሁለት ቀን ውስጥም ስሜቱ ይጠፋል። በመለኪያው መሠረት ጉዳቱ ቀደም ሲል በጥናት የተዘገበ በመሆኑ 1፣ ከመድኃኒቱ በኋላ በመምጣቱ 2፣ መድኃኒቱ ሲቆም በመሻሻሉ 1፣ ሌላ ምክንያት ባለመገኘቱ 2፣ መጠኑ ሲጨምር በመባባሱ 1 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ 7 ስለሚሆን ግንኙነቱ የሚገመት ከሚለው ደረጃ ይገባል።

አሁን ደግሞ ያው ልጅ፣ ያው መድኃኒትና ያው ጉዳት ይኑር፤ ነገር ግን ማንም ቀን አልጻፈም እንበል። ስሜቱ መቼ እንደጀመረ፣ መጠኑ ሲጨምር መባባሱና መድኃኒቱ ሲቆም መጥፋቱ አይታወቅም። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልሱ “አይታወቅም” ስለሚሆን የሚሰጠው ነጥብ ዜሮ ነው። ድምሩ ወደ 3 ይወርዳል፤ ግንኙነቱም ሊሆን የሚችል ብቻ ይባላል። ከ7 ወደ 3 ያወረደው በልጁ አካል ላይ የታየ ልዩነት ሳይሆን የመዝገብ አለመኖር ነው።

ከመለኪያው ጥያቄዎች አንዱ መድኃኒቱ እንደገና ሲሰጥ ጉዳቱ ይመለስ እንደሆነ ይጠይቃል። ይህ ጠንካራ ማስረጃ ቢሆንም ከባድ የአእምሮ ምልክት ባሳየ ሕፃን ላይ ለማረጋገጫ ብቻ ተብሎ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል፤ ሌላ ዕድል ላይገኝ ይችላልና። መድኃኒት የማቆሙ ጉዳይም ቢሆን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ለኤዲኤችዲ የሚታዘዙት ክሎኒዲንና ጓንፋሲን በድንገት ቢቋረጡ የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ቀስ በቀስ መቀነስ አለባቸው። መድኃኒቱ ይቁም ወይስ ይቀነስ የሚለው ውሳኔ የሐኪም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የኢንዛይም ልዩነት በኢትዮጵያውያን ዘንድ

አቶሞክሴቲን በሰውነት ውስጥ የሚፈርሰው በዋነኛነት ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ የጉበት ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው በማይሠራባቸው ሰዎች መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆይበት አማካይ ግማሽ ዕድሜ ከ5 ሰዓት ወደ 21 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ አጠቃላይ የመድኃኒቱ ተጋላጭነትም አሥር እጥፍ ያህል ይጨምራል። ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ኢንዛይሙን ስለሚያግዱ አብረው ሲወሰዱ ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላሉ።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን ጎልቶ የተገኘው ተቃራኒው ሁኔታ ነው። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ተባዝቶ የሚገኝባቸው ሆነው ተገኝተዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኢንዛይሙ በዝቶ በሚሠራበት ሕፃን የተለመደው የአቶሞክሴቲን መጠን ከሚፈለገው በታች ሊሆን ይችላል። ሕፃኑ አልተሻለውም ተብሎ መጠኑ በተደጋጋሚ ከመጨመሩ ወይም ሌላ መድኃኒት ከመደረቡ በፊት ይህ ሊታሰብ ይገባል። ሆኖም ሜቲልፌኒዴት የሚፈርሰው በሌላ ኢንዛይም በመሆኑ ይህ ግኝት ለሁሉም የኤዲኤችዲ መድኃኒቶች አይሠራም። ከላይ የተገለጸውን የጉንዳን ስሜትም አስቀድሞ አይተነብይም። የዘር መረጃ መዝገቡን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

6. “ይቃዣል” የሚለው ቃል

መዝገብ በቃል የሚጻፍ ነውና የቃሉ ትርጉም መጤን አለበት። በአማርኛ “ይቃዣል” የሚባለው ተኝቶ የሚጮኽ፣ በትኩሳት የሚዘባርቅም ሆነ ነቅቶ ሳለ የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ነው። በውጭ አገር የሚኖር ወላጅ በአስተርጓሚ በኩል “ልጄ ሌሊት ይቃዣል” ቢልና ቃሉ መጥፎ ሕልም ያያል ተብሎ ቢተረጎም፣ ሐኪሙ የሚሰማው ሕፃናት ሁሉ የሚያጋጥማቸውን ተራ ነገር ነው። ወላጁ ሊናገር የፈለገው ግን ልጁ ዓይኑን ገልጦ ግድግዳው ላይ ነፍሳት እንደሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማጥራት ጥቂት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ወላጅ “ተኝቶ ነው ወይስ ነቅቶ? ሲያናግሩት ይመልሳል? ነገሩን በጣቱ ያሳያል?” ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ልጁም “አሁንም ይታይሃል? ወይስ እንደዚያ ሆኖ ተሰማህ?” ቢባል የሚመስለውን ከሚታየው ለመለየት ይረዳል። መልሱ በልጁ ቃል እንዳለ ቢጻፍ ይመረጣል።

ቤተሰብ ለእንዲህ ያለው ምልክት ሌላ ፍች ሊኖረው፣ ልክፍት ነው ብሎ ሊያምንና ልጁን ወደ ጠበል ሊወስድም ይችላል። በዚህ ጊዜ ጠያቂው ባለሙያ እምነቱን መንቀፍ አያስፈልገውም። ሊጠይቅ የሚገባው ልጁ በጠበሉ ቀናት መድኃኒቱን ይወስድ እንደነበረ ነው። መድኃኒቱ በእነዚያ ቀናት ተቋርጦ ልጁም ተሽሎት ከነበረ፣ ያ መረጃ በናራንሆ መለኪያ መድኃኒቱ ሲቆም ጉዳቱ ተሻለ ወይ ለሚለው ጥያቄ በቀጥታ የሚያገለግል ይሆናል። ቤተሰቡ ተነቅፎ ዝም ካለ ግን ይህ መረጃ ይጠፋል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሁሉ የሚገኘው ዋና ሐሳብ፣ የኤዲኤችዲ መድኃኒት በአንድ ሕፃን ላይ ያደረሰውን ጉዳት ከሕመሙ ምልክት የሚለየው የምልክቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሚመጣበትና የሚሄድበት ጊዜ መሆኑ ነው። ይህን ጊዜ የሚያውቁት ደግሞ ከሕፃኑ ጋር የሚውሉት ወላጆችና መምህራን ናቸው። ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮችም ጥቂት ናቸው፦ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ባሕርይ፣ መድኃኒቱ የተወሰደበት ሰዓትና መጠን፣ ለውጡ የታየበት ሰዓት፣ ልጁ የተናገረው ቃል፣ እንዲሁም መድኃኒቱ የተዘለለባቸው ቀናት።

ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የሚሆን፣ እንደ “ይቃዣል” ያሉትን ቃላት በየትርጉማቸው የሚለይ አጭር የመመዝገቢያ ቅጽ ማዘጋጀትና በተግባር መፈተሽ ለቀጣይ ጥናት የሚገባ ርእስ ነው። ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ፕሮግራም አባል በመሆኗ በእንዲህ ያለ ቅጽ የሚሰበሰብ ሪፖርት የሚላክበት መንገድ አለ። መዝገብ ከሌለ ግን ጉንዳን ይሄድብኛል ያለው ልጅ ሕመሙ እንደባሰበት ተቆጥሮ በሚቀጥለው ቀጠሮ የጎዳው መድኃኒት መጠኑ ተጨምሮ ሊታዘዝለት ይችላል።